ሁለት የላብራቶሪ ወረቀት፣ አንዲት ሴት

ባለፈው እትም «ከአርባ አምስት በኋላ የወር አበባ ሲዛባ አትደንግጡ» የምትል አንዲት አጭር አንቀጽ ጽፌ ነበር። አንቀጿ ጉድ አመጣችብኝ። የዚህ ወር ደብዳቤ ከግማሽ በላይ ስለ ማረጥ ነው፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ አብዛኛው «ሆርሞኔን ልለካ ወይ?» የሚል። ብዙዎቹ የመጡት ከዚሁ ከአዳማ ነው። ሁሉን መመለስ ስለማልችል ስድስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያዋን ጠያቂ ደብዳቤ ትንሽ ብቻ ነው ያሳጠርኩት፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችሁ ታሪክ ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ ጤና ይስጥልኝ። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ አለኝ። 47 ዓመቴ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የወር አበባዬ እንዳሻው ሆኗል፤ አንዴ በ20 ቀን ይመጣል፣ አንዴ ሁለት ወር ይጠፋል። ከሁሉ የባሰብኝ ግን ሙቀቱ ነው። ደንበኛ እያስተናገድኩ ድንገት ከደረቴ ተነስቶ እስከ ጆሮዬ እሳት ይለቅብኛል፣ ላቤ ጠብ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ይበርደኛል። ሰዉ «የአዳማ ሙቀት ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለ» ይለኛል። እዚሁ ተወልጄ ያደግኩት እኔ የአዳማን ሙቀት ላላውቀው ነው? ሌሊት ሁለቴ ሦስቴ ተነስቼ ልብስ እቀይራለሁ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብዬ መድኃኒት ዋጥኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ አሜሪካ ያለችው ታናሽ እህቴ «ሆርሞንሽን ተለኪ» አለችኝና በራሴ ላብራቶሪ ሄድኩ። ኤፍ ኤስ ኤች 9፣ ኢስትራዲዮል 210 መጣ። ወረቀቱን የሰጠኝ ልጅ «ማዘር አላረጡም፣ ገና ልጅ ነዎት» ብሎ ሳቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የወር አበባዬ መጣ፣ ያውም እንደ ውሃ። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነው፣ ድራሹ የለም። ባለፈው ወር ሌላ ላብራቶሪ ሄድኩ። ኤፍ ኤስ ኤች 48፣ ኢስትራዲዮል 95። እዚህኛው «አርጠዋል» አለኝ። ለሁለቱ የከፈልኩት የአንድ ወር አስቤዛዬን ያክላል። የዋሸኝ የትኛው ነው? ለሦስተኛ ጊዜ አዲስ አበባ ሄጄ ልለካ?
— እሳት ያልለቀቃት

መልስ፦ ማንም አልዋሸሽም። (አንቺ ያልኩሽ በዕድሜ ስለምበልጥሽ ነው፣ አትቀየሚኝ።) ሁለቱም ማሽኖች በዕለቱ ደምሽ ውስጥ የነበረውን በትክክል ለክተው ይሆናል። ነገር ግን አንቺ የሄድሽው «አርጫለሁ ወይ?» ብለሽ ነው። እነሱ የመለሱት «ዛሬ ጠዋት ስንት ነው?» የሚለውን ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ አይደሉም፣ በተለይ በአንቺ ዕድሜ።

እንዴት እንደሆነ ላስረዳሽ። ከአንጎል ሥር ፒቱታሪ የምትባል አተር የምታክል ዕጢ አለች። ከሥራዎቿ አንዱ ኦቫሪን መጥራት ነው፣ እንቁላል የሚያድግበትን ማለቴ ነው። የምትጣራበት ድምፅ ኤፍ ኤስ ኤች ይባላል። ኦቫሪ ጥሪውን ስትሰማ እንቁላል ታሳድጋለች፣ ኢስትሮጅንም ታመነጫለች፤ ወረቀትሽ ላይ ኢስትራዲዮል የተባለው የዚሁ የኢስትሮጅን ዋናው ዓይነት ነው። ኢስትሮጅን ከፍ ሲል ፒቱታሪ «እሺ፣ ተሰምቻለሁ» ብላ ድምፅዋን ትቀንሳለች። እንቁላሉ እየተመናመነ ሲሄድ ግን ጥሪው ቶሎ አይሰማም። ደጅ የሚጫወት ልጇን እንደምትጣራ እናት ማለት ነው፣ መጀመሪያ በቀስታ፣ ልጁ ዝም ሲል ሰፈሩ እስኪሰማ ድረስ። ያ 48 ጩኸት ነው።

ታዲያ ልጁ አንዳንድ ቀን እየሮጠ ይመጣል። በዚህ ሰዓት ነው ሁሉም የሚሳሳተው። የማረጥ ዋዜማ ላይ ያለች ኦቫሪ ለብዙ ሳምንት ዝም ብላ ቆይታ፣ በጩኸቱ ብዛት ድንገት ተነስታ ኢስትሮጅን በብዛት ልትለቅ ትችላለች፣ አንዳንዴም ከወጣትነት ጊዜ መጠን በላይ። ኩራዝ ጋዝ ሲያልቅበት አይተሽ ታውቂያለሽ? ቀስ እያለ ደብዝዞ አይጠፋም። ቦግ ይላል፣ ይደበዝዛል፣ ጠፋ ስትዪ እንደገና ቦግ ይላል። የመጀመሪያው ወረቀትሽ ኩራዙ ቦግ ባለበት ቀን የተነሳ ነው። ኢስትሮጅን ወጥቷል፣ ፒቱታሪ ዝም ብላለች፣ ስለዚህ ኤፍ ኤስ ኤች 9 ሆነ። ቀጥሎ እንደ ውሃ የወረደው ደምም ከዚሁ ጋር የሚሄድ ነው፤ ኢስትሮጅን የማህፀንን ግድግዳ ያወፍረዋል፣ እንቁላል ሳይለቀቅ ሲቀር ደግሞ አጋዡ ፕሮጄስትሮን አይመጣም፣ የወፈረው ግድግዳ በኋላ ሲፈርስ ደሙ ይበዛል። ሁለተኛው ወረቀት ደብዝዞ በነበረበት ቀን ነው። ሦስተኛ ብትለኪ ወይ 9 ይመጣል ወይ 48 ወይ በመሀል ያለ ነገር፣ አንቺ ግን ያው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አዲስ አበባ አትሂጂ። ብርሽን ያዢ።

ስለ ኢስትራዲዮሉ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። የወረቀቶቹን ፎቶ ስለላክሽልኝ አየኋቸው። አንደኛው ላብራቶሪ የለካው በፒኮግራም በሚሊ ሊትር ነው፣ ሁለተኛው በፒኮሞል በሊትር። 1 ፒኮግራም በሚሊ ሊትር ማለት 3.67 ፒኮሞል በሊትር ነው፣ ስለዚህ ሁለተኛው 95 በመጀመሪያው ላብራቶሪ መለኪያ ቢጻፍ 26 ገደማ ብቻ ይሆን ነበር። «ከ210 ወደ 95፣ ግማሽ ወረደ» ብለሽ አስበሽ ይሆናል፣ በእርግጥ የወረደው ከዚያ በጣም በላይ ነው። ኪሎና ፓውንድ አወዳድሮ «ከሳሁ» እንደማለት ነው። ይህን ወረቀቱን የሰጠሽ ሰው ሊነግርሽ ይገባ ነበር፣ አልነገረሽም፣ እኔ እስካሁን ያናድደኛል።

ታዲያ አንዲት ሴት ማረጧ በምን ይታወቃል? በቀን መቁጠሪያ። ከ45 ዓመት በላይ ከሆነች፣ የወር አበባዋ ከተዛባ፣ እንዲህ ያለ ሙቀት ከመጣባት፣ የማረጥ ዋዜማ ላይ ናት፤ ደም መለካት አያስፈልጋትም። የወር አበባ ሙሉ 12 ወር ሳይመጣ ሲቀር፣ ከመስከረም እስከ መስከረም በይው፣ ያኔ አረጠች ይባላል። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የእንግሊዙ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው የማረጥ መመሪያ ከ45 ዓመት በላይ ሆና ምልክቱ ያላትን ጤነኛ ሴት ማረጥ ያለ ላብራቶሪ ምርመራ ለዩ ብሎ ጽፏል። በነጻ ሕክምና የሚሰጥ አገር እንኳ አይጠቅምም ያለውን ምርመራ እኛ ከኪሳችን አውጥተን እንገዛዋለን።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅሽ። 12 ወር ሳይሞላ አርግዘሽ ልትገኚ ትችያለሽ። ኩራዙ ቦግ ሲል እንቁላልም ሊለቀቅ ይችላላ! አራት ወር የወር አበባ የቀረባት የ47 ዓመት ሴት መጀመሪያ የምታደርገው ምርመራ ርካሹ የሽንት የእርግዝና ምርመራ ነው። ሁለት ላብራቶሪ ሄደሽ ይህን ማንም አለማንሳቱ ይገርማል። የወሊድ መቆጣጠሪያንም ቶሎ አትተዪ፤ ከ50 ዓመት በፊት ላረጠች ከመጨረሻው የወር አበባ በኋላ ሁለት ዓመት፣ ከ50 በኋላ ላረጠች አንድ ዓመት መጠንቀቅ ነው የሚመከረው።

አሁን ወደ ክሊኒኩ እንምጣ። ታይፎይድና ታይፈስ! እኛ አገር ምክንያቱ ያልታወቀ ድካምና ላብ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። በአንድ ጠብታ ደም የሚሠራው የታይፎይድ ምርመራ፣ ዊዳል የሚባለው፣ ድሮ ያለፈ በሽታ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን የተወውን ጠባሳ ይዞም «አለ» ይላልና ብቻውን ሲታመን ብዙ ሰው አላስፈላጊ መድኃኒት ያስውጣል። ቢሆንም ሐኪሙ ትኩሳት ይሆን ብሎ መጠርጠሩ አይፈረድበትም፣ የምንኖረው ወባ ያለበት ከተማ ነው። ልዩነቱን በቤትሽ ማወቅ ትችያለሽ። የማረጥ ሙቀት ድንገት ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ይሄዳል፣ ቴርሞሜትር ብታስገቢ ትኩሳት አይቆጥርም። ራስ ምታት፣ ብርክ፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት፣ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካለ ግን ማረጥ ነው ብለሽ አትቀመጪ፣ የወባ ደም ተመርመሪ። ሳምንታት የዘለቀ የሌሊት ላብ ከሳልና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ መታየት አለበት። ሁሉን ለማረጥ መስጠትም እንደ ታይፎይዱ ያው ስህተት ነው።

«ታዲያ ገንዘቤን ምን ላይ ላውጣው?» ካልሽኝ፣ እንቅርት ላይ። ማለቴ ታይሮይድ ላይ፣ አንገት ላይ ያለችው ዕጢ፤ ቲ ኤስ ኤች የሚባለው ምርመራ ነው፣ ከኤፍ ኤስ ኤች ጋር አታምታቺው፣ ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ሥራቸው ለየቅል ነው። የታይሮይድ መብዛት ላብ፣ የልብ ድው ድው ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የወር አበባ መዛባት ያመጣል፣ ቁርጥ ማረጥን ነው የሚመስለው። ሲገኝ ደግሞ መድኃኒት አለው። እንደ ውሃ የወረደ ደም ነበረብሽና ሄሞግሎቢን ይታይልሽ፣ ድካምሽ ግማሹ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ስኳር፣ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል ጨምሪ፣ ምክንያቱም ከማረጥ በኋላ የሴት ልብና ደም ሥር እንደ ድሮው ጥበቃ የለውም። ጤና ጣቢያ ጀምሪ። ከዚያ ሪፈር አስጽፈሽ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወይም የምታምኚው የማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ። ሁለቱን ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፣ ግን መጀመሪያ የምታሳዪው የወር አበባሽ የመጣባቸውን ቀኖች የጻፍሽበትን ደብተር ይሁን።

ሙቀቱን ራሱንስ? አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚጠብቅ ክፍል አለ። ኢስትሮጅን ሲዋዥቅበት እንደ ድንጉጥ ዘበኛ ይሆናል፤ ድሮ የማይቆጥረውን ትንሽ ሙቀት «ቤት ተቃጠለ» ብሎ ላብ ያዛል። ስለዚህ ትንንሽ ሙቀቶችን መቀነስ ይረዳል። ቡናውን አልከለክልሽም፣ አልችልምም፣ ግን ሦስቱንም ስኒ ትኩስ ትኩሱን ስትጠጪ የሚነሳብሽ ከሆነ አቦልን አብርደሽ ጠጥተሽ ሞክሪ። ሚጥሚጣና አልኮልም ያስነሳሉ። ማታ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ ትተሽ በጥጥ ተኚ። እኔ 51 ዓመቴ ላይ ሳርጥ አልጋዬን ወደ መስኮት አዙሬ ነበር፣ የአዳማ ንፋስ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀመኝ ያኔ ነው።

በዚህ ካልቀለለሽ ሕክምና አለ፣ ተቀምጠሽ አትቃጠዪ። የሆርሞን ሕክምናን ብዙ ሰው የሚፈራው እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ይፋ በሆነው ትልቅ ጥናት የተነሳ ነው፤ የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ጨምሯል ተባለና ዓለም ሁሉ እንክብሉን ጣለ። የጥናቱ ሴቶች አማካይ ዕድሜ ግን 63 ነበር፣ የአንቺ ዕድሜ አይደለም። ዛሬ ከ60 ዓመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች 10 ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴት፣ ሙቀቱ ኑሮዋን ካበላሸባት፣ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ነው የሚባለው። ጉዳት የለውም አላልኩም፤ ዓመታት ሲወሰድ የጡት ካንሰር ዕድልን በትንሹ ይጨምራል፣ የጡት ካንሰር ለነበረባት፣ ደም ለረጋባት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ለሚፈሳት አይሰጥም። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻውን አትወስድም፣ ፕሮጄስትሮን ይጨመርበታል። ሆርሞን የማይሆናት ደግሞ ከድባቴ መድኃኒቶች መካከል ሙቀቱን የሚቀንሱ አሉላት። የሆርሞኑ መጠንም የሚስተካከለው በስሜትሽ ነው፣ ሙቀቱ ቀነሰ? እንቅልፍ መጣ? በየወሩ ደም እየቀዳሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ 49 ዓመቴ ነው። የሦስት ወር መርፌ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ፣ የወር አበባ ካየሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። 12 ወር ካለፈ አረጠች ካላችሁ እኔ አርጫለኋ? መርፌውን ላቁም? ሆርሞንስ ልለካ?
— ከአዳማ፣ መብራት ኃይል

መልስ፦ የለም፣ የ12 ወሩ ቆጠራ ለአንቺ አይሠራም። የወር አበባሽን ያጠፋው መርፌው ነው፤ ከሥር ኦቫሪሽ እየሠራች ሊሆን ይችላል። ክንድ ላይ የሚቀበረውን ለምትጠቀምም ያው ነው። እንክብል ለምትውጥ ደግሞ፣ ሁለቱ ሆርሞን ያለበትን ማለቴ ነው፣ ኤፍ ኤስ ኤች መለካት ጭራሽ ትርጉም የለውም፤ እንክብሉ ራሱ የፒቱታሪን አፍ ይይዘዋል።

መርፌው ረጅም ጊዜ ሲወሰድ የአጥንትን ጥንካሬ ይቀንሳል፣ ስለዚህ 50 ሲሞላሽ ወደ ሌላ ዘዴ እንድትዛወሪ ነው የሚመከረው። ዝም ብለሽ እንዳታቆሚ ግን። ካቆምሽ በኋላ የወር አበባ እስኪመለስ እስከ ዓመት ሊፈጅ ስለሚችል በዚያ ጊዜ ማረጥና የመርፌ ርዝራዥ ተቀላቅለው ግራ ያጋቡሻል። ከ50 በኋላ ሐኪምሽ ኤፍ ኤስ ኤች ልለካልሽ ካለችሽ ትክክል ናት፣ ለእንዳንቺ ዓይነቷ ቦታ አለው፣ ቀኑን ግን ምረጪ፤ መርፌ በተወጋሽ ሰሞን ሳይሆን ለሚቀጥለው ቀጠሮሽ በደረሰበት ቀን፣ ከመወጋትሽ በፊት።

ጥያቄ፦ 36 ዓመቴ ነው፣ አንድ ልጅ አለኝ፣ ሁለተኛ እየፈለግን ነው። የወር አበባዬ ከቀረ ሰባት ወር ሆነው፣ እርግዝና አይደለም፣ ተመርምሬያለሁ። ምንም መከላከያ አልጠቀምም። አንድ ሐኪም ጋ ሄጄ «ጭንቀት ነው፣ ይመለሳል» ብሎ መለሰኝ። እናቴ ዓይነ ጥላ ነው ብላ ጸበል ወስዳኛለች። አሁን ሙቀት ጀመረኝ፣ ለባሌም አልነገርኩት። ላረጥ እችላለሁ እንዴ በዚህ ዕድሜ?
— ያልታወቀችው

መልስ፦ እህቴ፣ ላይኛዋን «አትለኪ» ያልኩ እኔው ነኝ፣ አንቺን ግን ተለኪ እላለሁ፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ። ከ40 ዓመት በታች የወር አበባ አራት ወር ከቀረ ወይም ክፉኛ ከተዛባ የደም ምርመራ ግዴታ ነው። ከመቶ ሴቶች ቢያንስ አንዷ ከ40 በፊት ኦቫሪዋ ሥራ ያቆማል። ጭንቀትም የወር አበባ ያስቀራል፣ እውነት ነው፣ ግን ጭንቀት ነው የሚባለው ሌላው ሁሉ ታይቶ ነው እንጂ በር ላይ አይደለም።

የሚለካው ኤፍ ኤስ ኤችና ኢስትራዲዮል ነው። ከፍ ብሎ ከተገኘ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል፤ ለሌላዋ ብር ማባከን ያልኩት መደጋገም ለአንቺ ዋናው ነገር ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ አንዲት ቁጥር የአንድ ሰው ሕይወት ትወስናለች። አብሮ ቲ ኤስ ኤችና ፕሮላክቲን ይታያል። ፕሮላክቲን ጡት ለምታጠባ ሴት ወተት የሚያመጣው ሆርሞን ነው፣ ያለ ምክንያት ሲበዛ የወር አበባ ያቆማል፣ መድኃኒትም አለው። ስለዚህ ምክንያትሽ በቀላሉ የሚታከም ሊሆን ይችላል።

ኦቫሪሽ ከሆነ ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። ከባድ ዜና ነው፣ በተለይ ልጅ ለምትፈልግ። በር ግን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ አንዳንዶቹ ሳያስቡት ያረግዛሉ፣ ጥቂት ቢሆኑም አሉ። እንቁላል ቁጥር የሚለካ ኤ ኤም ኤች የሚባል ምርመራ ግዢ የሚልሽ ካለ አትቸኩዪ፣ መጀመሪያ የላይኞቹ ይታዩ። ከልጁ ጉዳይ ውጭ የሆርሞን ሕክምና ያስፈልግሻል፣ ቢያንስ ሌሎች ሴቶች በተለምዶ እስከሚያርጡበት 50 ዓመት አካባቢ ድረስ፤ ያለ ኢስትሮጅን ብዙ ዓመት መኖር አጥንትና ልብ ይጎዳል። ለአንቺ ሆርሞኑ ተጨማሪ አይደለም፣ የጎደለውን መተካት ነው፣ ላይ ያነሳሁት የ2002 ፍርሃት አንቺን አይመለከትም።

እናትሽ አጠገብሽ መሆናቸው ጥሩ ነው። ጸበሉንም አልነካም፤ ጸበሉም ይሁን፣ ምርመራውም ይሁን፣ የኔ ጭንቀት ጸበሉ እየተጠበቀ ሌላ ሰባት ወር እንዳያልፍ ነው። ባልሽ ደግሞ ወደ ምርመራው አብሮሽ ይምጣ። ሁለት ሰው ልጅ እየፈለገ አንዱ ብቻውን ሲሰጋ ልክ አይመጣም፣ እሱም የራሱ ምርመራ አለበት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ 50 ሞላት። በትንሽ ትልቁ ትቆጣለች፣ ሌሊት አትተኛም፣ እኔንም አታስተኛኝም። ንዴት የሚለካ የሆርሞን ምርመራ አለ ወይ?
— ባል

መልስ፦ የለም ወንድሜ። ቢኖር መጀመሪያ አንተን ነበር የምንለካህ። ሌሊት አራቴ በላብ ተነስታ ጠዋት ቁርስ የምትሠራ ሴት ካልተቆጣች ነው የሚገርመው። ቁርሱን ለአንድ ወር አንተ ሥራና እንደገና ጻፍልኝ። ቀልዱን ልተወውና፣ እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ፣ ወይም ቁጣው ወደ ማልቀስና ከሰው መሸሽ ከዞረ፣ ሐኪም ጋ አብረሃት ሂድ። በዚህ ዕድሜ ድባቴ ይበረታል፣ ይታከማልም።

ጥያቄ፦ 58 ዓመቴ ነው። ካረጥኩ አራት ዓመት ሆኖኝ ባለፈው ሳምንት ትንሽ ደም አየሁ፣ አንድ ቀን ብቻ። ጎረቤቴ «ሆርሞን ተመልሶብሽ ነው፣ ታድለሽ» አለችኝ። ተለክቼ ላረጋግጥ?
— ወ/ሮ ከአዳማ

መልስ፦ እትዬ፣ ሆርሞን አይለኩ። ይህን መጽሔት አስቀምጠው በዚህ ሳምንት የማህፀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ካረጡ በኋላ የሚታይ ደም፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ ወጣትነት ተመለሰ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የግድግዳው መሳሳት ወይም ትንሽ ሥጋ ነገር። ነገር ግን ከአስር ሴቶች አንዷ ገደማ ላይ የማህፀን ካንሰር ሆኖ ይገኛል፣ ያ ካንሰር ደግሞ ቀድሞ ከተያዘ ጥሩ የሚድን ነው። በአልትራሳውንድ የማህፀን ግድግዳ ውፍረት ይለካል፤ ከ4 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ያረጋጋል፣ ከበለጠ ናሙና ይወሰዳል። የማህፀን በርዎም በዓይን ይታይ፣ የማህፀን በር ካንሰርም በዚሁ ምልክት ይመጣል። «አልትራሳውንድ ይበቃል» ብለው የማህፀን በሩን ሳያዩ ከመለሱዎት ይጠይቁ። አይፍሯቸው።

ጥያቄ፦ አጭር ነው። 42 ዓመቴ ነው፣ ሐኪሜ ኤፍ ኤስ ኤችና ቲ ኤስ ኤች አዛልኛለች። ጾሜን ነው የምሄደው? ደግሞ ከውጭ የተላከልኝ የጸጉርና የጥፍር ቪታሚን እወስዳለሁ፣ ችግር አለው?
— ጸጉሯ የሚረግፍ

መልስ፦ ለሁለቱም ጾም አያስፈልግም፣ በልተሽ ሂጂ። ስኳር አብሮ ካዘዘችልሽ ግን ሳትበዪ በጠዋት። የወር አበባሽ አሁንም የሚመጣ ከሆነ ኤፍ ኤስ ኤችን ከጀመረሽ ቀን ቆጥረሽ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ባለው ቀን ተለኪ፣ ከቀረ በማንኛውም ቀን። በ42 መለካትሽ ስህተት አይደለም፣ ከ40 እስከ 45 ላይ ምልክት ላላት ሴት ሐኪም ሊያዝ ይችላል።

ቪታሚኑን መጠየቅሽ ጎበዝ ነሽ። የጸጉር ቪታሚን ብዙውን ጊዜ ባዮቲን በብዛት አለበት። አንዳንድ ማሽኖች ሆርሞን የሚለኩት ራሱ ባዮቲንን እንደ ማጣበቂያ ተጠቅመው ነው፤ ደምሽ ውስጥ ባዮቲን ከሞላ ማጣበቂያው ይዘበራረቅና ኤፍ ኤስ ኤችና ቲ ኤስ ኤች በሐሰት ዝቅ፣ ኢስትራዲዮል በሐሰት ከፍ ብለው ሊወጡ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚሁ አስጠንቅቋል። ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂና ለላብራቶሪው አሳዪ፣ ከምርመራው በፊትም ቢያንስ ሁለት ቀን አቁሚው፤ መጠኑ ብዙ ከሆነ ሐኪምሽን ስንት ቀን እንደሚበቃ ጠይቂ። ቲ ኤስ ኤችሽ ተዛብቶ ከተገኘ ደግሞ የጸጉርሽ መርገፍ ምክንያቱ እሱው ሊሆን ይችላልና ቪታሚኑን እንደገና ከመግዛትሽ በፊት ውጤቱን ጠብቂ።